ዕዳው በሰው ሲከፈል

ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ ሲነሳ ቶሎ የሚጠራው ቁጥሩ ነው። ከ1500ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1860ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ከአፍሪካ ጠረፍ መርከብ ላይ የተጫኑት ሰዎች ወደ 12.5 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ማዶ በሕይወት የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ያህል ናቸው። የቀሩት 1.8 ሚሊዮን ገደማ ባሕር ላይ አልቀዋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የሚነግረን ስለ ተጫነው ሰው ነው። ሰው የተወሰደበት መንደር ግን አልጠፋም። በማግስቱም ሰው እርሻ ወጣ፣ ተበደረ፣ ተካሰሰ፣ ልጅ ዳረ። እነዚህ የየዕለት ነገሮች በሦስት መቶና በአራት መቶ ዓመት ውስጥ ምን ሆኑ? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ጥያቄ ነው፤ ጉዳቱም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ንግዱ የነበረውን ዱቤ፣ የነበረውን ዋስትናና የነበረውን ዳኝነት ተጠቅሞ ሰው ማውጫ አደረጋቸው።

ከዱቤው እንጀምር። ቦታው ኦልድ ካላባር ነው፤ በዛሬዋ ናይጄሪያ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ የክሮስ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት። ነጋዴዎቹ ኤፊኮች ናቸው። በ1700ዎቹ አጋማሽ ከብሪስቶል ወይም ከሊቨርፑል የመጣ መርከብ ወንዙ ውስጥ መልሕቅ ሲጥል ካፒቴኑ በመጀመሪያ ለከተማው ሹማምንት ‹ኮሚ› የሚባለውን ቀረጥ ይከፍላል። ያ ሳይከፈል ማንም አይሸጥለትም። ከዚያ ዕቃው ይወርዳል፦ የሕንድ ጥጥ ጨርቅ፣ ብረት፣ ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ጨሌ፣ አረቄ። ሒሳቡ የሚያዘው በመዳብ ዘንግ ነው። ጨርቁም፣ ባሩዱም፣ ሰውም ‹ይህን ያህል መዳብ› እየተባለ ይተመናል።

የሚሸጠው ሰው ግን ከተማው ውስጥ ተሰብስቦ አይጠብቅም። ነጋዴው ዕቃውን በዱቤ ወስዶ በትልልቅ ታንኳዎች ወንዙን ሽቅብ እየቀዘፈ ወደ ውስጥ ገበያዎች መሄድ አለበት። ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ካፒቴኑ ደግሞ ዕቃውን ይዞ ጫካ የገባን ሰው የሚከስበት ችሎት የለውም። ስለዚህ መያዣ ይጠይቃል፤ መያዣውም ሰው ነው። ነጋዴው ልጁን፣ የወንድሙን ልጅ ወይም ሌላ የቤቱን ሰው መርከቡ ላይ ይተዋል። የተባለውን ቁጥር ይዞ ሲመለስ መያዣዎቹ ይለቀቃሉ። ቀጠሮው ካለፈ ካፒቴኑ ከሌሎቹ ጋር ጭኗቸው ይሄዳል።

የእኛ አገር አንባቢ ቁራኛ ትዝ ሊለው ይችላል፤ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ዕዳው እስኪከፈል አብረው የሚውሉበትን የጥንት ሥርዓት። በምዕራብ አፍሪካም ሰውን በዕዳ ማስያዝ መርከቦቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ልማድ ነው። መያዣ የሆነው ሰው ለአበዳሪው ይሠራል፣ ዘመዶቹ ይጠይቁታል፣ ዕዳው ሲዘጋ ቤቱ ይገባል። አበዳሪው እንደ ባሪያ ሊሸጠው አይገባም ነበር። ካፒቴን አበዳሪ ሲሆን ግን መያዣው የተቀመጠበት ቤት መልሕቁን ነቅሎ መሄድ የሚችል ቤት ሆነ።

ነገሩ የሚበላሸው ደግሞ በብዙ በኩል ነው። ላይኛው አገር ጦርነት ተነስቶ ገበያው ይዘጋል። ዕቃው በመንገድ ይዘረፋል። ነጋዴው ለሁለት ካፒቴን ዕዳ ይገባና የቱን ቀድሞ እንደሚከፍል ይቸገራል። መርከቡ ላይ ደግሞ ቀድመው የተጫኑት ሰዎች በተቅማጥ ይሞታሉ፣ ለስንቅ የተጫነው ያም የሚባለው ሥራ ሥር ያልቃል፣ መርከበኞቹ በወባ ይወድቃሉ። ካፒቴኑ አንድ ሳምንት በቆየ ቁጥር ይከስራል። ስለዚህ ቀጠሮው ሳይሞላ የሚነቅል አይጠፋም ነበር። ልጁ የተወሰደበት ነጋዴ ደግሞ ያንን ካፒቴን አያገኘውም፤ የሚያገኘው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። የቀጣዩ መርከብ ሰዎች ይያዛሉ፣ በቀል ይከተላል።

በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ይህ ራሱን የቻለ ስም ነበረው፦ ‹ፓንያሪንግ›፤ ሥሩ የፖርቱጋልኛ ቃል ሲሆን ስለ ዕዳ ሰውን ወይም ንብረትን መያዝ ማለት ነው። የሚያዘው ሰው ባለ ዕዳው ራሱ መሆን አልነበረበትም። ያገሩ ልጅ መሆኑ ይበቃል። እስቲ ይህንን በአንድ ተራ ነጋዴ ዓይን እንየው። ጨው ተሸክሞ ሦስት ቀን መንገድ ሊሄድ የተነሳ ሰው፣ ከመንደሩ አንድ የማያውቀው ሰው እዚያ አገር ዕዳ ኖሮበት እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ቢያዝና ዘመዶቹ በጊዜ ካልደረሱለት ጠረፍ ድረስ ይሸጣል። እንዲህ ባለ አገር ሰው ሩቅ መንገድ ብቻውን አይወጣም፤ የወጣም በጠመንጃ ይታጀባል።

ኦልድ ካላባር ውስጥ ዕዳ የሚያስከፍለው ኤክፔ የሚባለው የነብር ማኅበር ነበር። ማዕረግ ደረጃ በደረጃ በገንዘብ ይገዛበታል፤ ያልከፈለ ባለ ዕዳ ላይ ‹ኤክፔ ሲነፋ› ማንም ከእርሱ ጋር አይገበያይም። አንቴራ ዱክ የተባለ የኤፊክ ነጋዴ ከ1785 እስከ 1788 በራሱ የፒጂን (ለንግድ መግባቢያ በተቀላቀለ) እንግሊዝኛ በያዘው የቀን ማስታወሻ ይህ ሁሉ እንደ ዘወትር ሥራ ተጽፎ ይገኛል፦ ማልዶ መነሣት፣ ካፒቴን ቤት መብላት፣ ባሪያ መቁጠር፣ ኤክፔ መጫወት። ከካላባር ወደ ምዕራብ ባለችው በቦኒ ግን የሰው መያዣ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር። እዚያ አንድ ንጉሥ በርትቶ ዕዳውን ራሱ ስለሚያስከፍል መርከቦች ቶሎ ሞልተው ይሄዱ ነበር፤ ነጋዴውም እየለቀቀ ወደ ቦኒ ዞረ። ሥርዓትና ዳኝነት ያለበት ወደብ ብዙ ሰው የሚሸጥበት ወደብ ሆነ ማለት ነው። ይህ ነገር በጣም ይከብደኛል፤ መንግሥት መጠንከሩ በራሱ ሰውን አላዳነም።

በ1767 ካላባር ውስጥ የሆነው ነገር የዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። ኦልድ ታውንና ኒው ታውን የሚባሉት ሁለት የኤፊክ ሰፈሮች በንግዱ የተነሳ ተጣልተው ነበር። ወንዙ ውስጥ የነበሩ የእንግሊዝ ካፒቴኖች እናስታርቃችሁ ብለው የኦልድ ታውንን ሰዎች ወደ መርከብ ጠሩ። ሰዎቹ በታንኳዎቻቸው መጡ። ከመርከቦቹ ተኩስ ተከፈተባቸው፤ የኒው ታውን ሰዎችም ከተደበቁበት ወጥተው ታንኳዎቹን ከበቡ። በመቶ የሚቆጠር ሰው አለቀ። መርከብ ላይ ከወጡት የገዢው ቤተሰብ ሰዎች አንዱ፣ አምቦ ሮቢን ጆን፣ ለጠላቶቹ ተላልፎ አንገቱ ተቆረጠ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ሊትል ኤፍሬም ሮቢን ጆን እና አንኮና ሮቢን ሮቢን ጆን፣ ለዶሚኒካ ደሴት ተሸጡ። ከዚያ ሲያመልጡ ቨርጂኒያ ውስጥ ዳግም ተሸጡ፤ በመጨረሻ ወደ አገራችሁ እወስዳችኋለሁ ያላቸው ካፒቴን ብሪስቶል አደረሳቸውና እዚያም መርከብ ላይ ታሰሩ።

ያዳናቸው እንግሊዝኛ መጻፍ መቻላቸው ነው። አገራቸው ሳሉ ይነግዱበት የነበረውን ቋንቋ ተጠቅመው ደብዳቤ ጻፉ፤ ጉዳያቸው ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ ዘንድ ደረሰ። መከራከሪያቸው ባርነት ክፉ ነው የሚል አልነበረም። በጦርነት አልተማረክንም፣ ነጻ ሰዎች ነን፣ በማታለል ተያዝን የሚል ነበር። ተፈቱ፤ በ1774 ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ቤተሰባቸው ራሱ በዚያ ንግድ የከበረ ነበር። በእነዚያው መርከቦች የተጫኑት ሌሎች ግን የሚያውቃቸው ካፒቴን፣ የሚጽፉለት ነጋዴ አልነበራቸውም፤ ስማቸውም አልቀረልንም።

ከካላባር ሽቅብ ሲኬድ የአሮ ሰዎች አገር አሮቹኩ ይገኛል። እዚያ ኢቢኒ ኡክፓቢ የሚባል ቃል የሚጠየቅበት የአምልኮ ቦታ ነበር፤ ከሩቅ የኢግቦና የኢቢቢዮ አገሮች ሳይቀር የመጨረሻ ይግባኝ የሚባለው ወደዚያ ነው። የመሬት ክርክር፣ የሌብነት ክስ፣ የመድኃኒት ወይም የጥንቆላ ሐሜት ያለበት ሰው ገደሉ ውስጥ ወዳለው ስፍራ ይገባል። ተፈርዶበት ካልተመለሰ ‹በላው› ይባላል፤ ዘመዶቹም ተላቅሰው ይመለሳሉ። የተበላው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ወጥቶ ለነጋዴ ይሰጥ ነበር። ነጋዴዎቹም አሮዎች ናቸው። በየአገሩ የሰፈሩ መንደሮች ነበሯቸው፣ ከኦሃፊያና ከአባም የጦር ሰው ይቀጥሩ ነበር፣ ዕቃ በዱቤ ያከፋፍሉ ነበር። ዳኛውና ሰው የሚገዛው ነጋዴ አንድ ሲሆኑ ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። እንግሊዞች ቦታውን በ1901 እና 1902 ዘመቻ እስኪያፈርሱት ድረስ ሥራውን አላቆመም።

ይህ በአንድ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በጠረፉ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ቀድሞ በካሳ ወይም ከአገር በመባረር ያልቅ የነበረ ጥፋት በመሸጥ የሚያልቅ ሆነ። ምንዝር፣ ስርቆት፣ ዕዳ፣ ቡዳነት። ክሱ በገንዘብ የሚለወጥ ከሆነ ከሳሽ ይበዛል። በተለይ የጥንቆላ ክስ ማስረጃ ስለማይፈልግ ዘመድ የሌለውን፣ ባል የሞተባትን፣ ከሌላ አገር የመጣውን ቶሎ ያጠምዳል።

አንድ ንጉሥ ይህን ገና በጠዋቱ አይቶት ነበር። በዛሬዋ አንጎላ ሰሜንና በአካባቢው የነበረው የኮንጎ መንግሥት ክርስቲያን ንጉሥ፣ አፎንሶ ቀዳማዊ፣ በጁላይ 1526 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለዦአኦ ሣልሳዊ ጻፈ፦ ነጋዴዎቻችሁ የአገሬን ልጆች፣ የመኳንንቱንና የራሴን ዘመዶች ሳይቀር እየወሰዱ ነው፤ ከእናንተ የምንፈልገው ቄስና መምህር፣ ለቍርባን የሚሆን ወይንና ዱቄት ብቻ ነው። ለእኛ ዓመቱ እንግዳ አይደለም። ከ1520 ጀምሮ በዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ የቆዩት የፖርቱጋል መልእክተኞች ከምጽዋ የተሳፈሩት በዚያው 1526 ነው። የዐፄውም ደብዳቤ የተጻፈው ለዚያው ለሊዝበን ቤተ መንግሥት ነበር።

አፎንሶ መከልከል ሲያቅተው በኦክቶበር ሌላ መላ ዘየደ። ባሪያ የሚገዛ ነጭ ሁሉ ሰውዬው በእርግጥ ምርኮኛ መሆኑን ለሦስት ሹሞች ያሳይ፣ ያላሳየ ይወረስበት አለ። ምርመራው ለምን እንዳልያዘ ሲታሰብ መልሱ የኮንጎ ሥልጣን በቆመበት መሠረት ላይ ነው። ንጉሡ ንጉሥ የሚሆነው ከውጭ የሚመጣውን ብርቅ ዕቃ፣ ጨርቁንና ወይኑን፣ ለባለሟሎቹ በእጁ ስለሚያድል ነው። የሳኦ ቶሜ ደሴት ነጋዴዎች ደግሞ ንጉሡን ዘለው ከጠረፍ ሹማምንት ጋር መገበያየት ጀመሩ። አንድ የጠረፍ ገዢ ጨርቁን ራሱ ካገኘ ለምን ለንጉሡ ይታዘዛል? ለዚያ ጨርቅ የሚከፍለው ደግሞ ሰው ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 1665 በምብዊላ ጦርነት ንጉሥ አንቶኒዮ ቀዳማዊ በፖርቱጋሎች ተገደለ። ከዚያ የመጣው የእርስ በርስ ጦርነት አሥርተ ዓመታት ቆየ፣ መናገሻው ምባንዛ ኮንጎ ባዶውን ቀረ፣ ሁሉም ወገን የሌላውን ወገን ምርኮኛ ሸጠ። አገሩን አንድ ለማድረግና መናገሻውን ለማቅናት የተነሣችው ወጣት ኪምፓ ቪታ በ1706 በእሳት ተቃጠለች። ከአፍሪካ ከወጡት ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት፣ 5.7 ሚሊዮን ገደማ፣ የተጫኑት ኮንጎንና አንጎላን ከያዘው ከዚህ ጠረፍ ነው።

ገዢዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም። በዛሬዋ ናይጄሪያ የነበረው የቤኒን መንግሥት በ1500ዎቹ መጀመሪያ ወንድ ምርኮኛ ለአውሮፓውያን እንዳይሸጥ ከልክሎ ከመቶ ዓመት በላይ አጸናው። በጎልድ ኮስት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ፖርቱጋሎች ከሌላ ጠረፍ የገዟቸውን ባሪያዎች ኤልሚና አምጥተው ለአካን ነጋዴዎች በወርቅ ይሸጡ ነበር፤ ያ አገር ራሱ ሰው ላኪ የሆነው ወርቁና ጠመንጃው ጦርነቱን ካበዙት በኋላ ነው።

ስለ ክፍያውም ትንሽ መባል አለበት። በዛሬዋ ቤኒን ሪፐብሊክ የነበረው የዳሆሜ መንግሥት ጎረቤቶቹን አላዳን በ1724፣ ዊዳን በ1727 ይዞ በተቆጣጠረው ጠረፍ ገንዘቡ ዛጎል ነበር። ዛጎሉ የሚለቀመው ማልዲቭ ደሴቶች ላይ ነው። በመርከብ ሆድ እንደ ማመዛዘኛ ተጭኖ አምስተርዳምና ለንደን ይደርሳል፣ ከዚያ ተሸጦ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይመጣል። 40 ዛጎል አንድ ክር፣ 50 ክር ወይም 2,000 ዛጎል አንድ ‹ራስ›፣ 10 ራስ ወይም 20,000 አንድ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ የአንድ ሰው ሙሉ ሸክም ነው። ይህ ገንዘብ ወደ አውሮፓ ተመልሶ ምንም አይገዛም። ለውስጥ ገበያ መገበያያ ሆኖ ጠቅሟል፤ ይሁንና በገባ ቁጥር ዋጋው እየረከሰ ሄደ፣ የተከፈለበት ሰው ግን አልተመለሰም።

ሸሽተው የዳኑት ሰዎች አኗኗር እስካሁን መሬት ላይ ይታያል። ቤኒን ሪፐብሊክ ውስጥ በኖኩዌ ሐይቅ ላይ ያለችው ጋንቪዬ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመች መንደር ናት፤ የቶፊኑ ሰዎች ከዳሆሜ ጦር ሸሽተው ውሃ ላይ ሰፈሩ። በጋና ሰሜን የግዎሉ የጭቃ ግንብ ቁራጩ ዛሬም አለ። ሕንፃው መከላከያ ሲሆን ዋጋው የሚከፈለው በእርሻ ነው፤ ለም ሜዳ ይለቀቃል፣ ገደልና ረግረግ ይታረሳል። ከአሜሪካ የመጣው ካሳቫ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ሥሩ መሬት ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል። እህል በጎተራ ያለው ገበሬ ወራሪ ሲመጣ ሁሉን ያጣል፤ ካሳቫ የተከለ ግን ጫካ ከርሞ ሲመለስ ቆፍሮ ይበላል። እንሰት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጉድለቱ ካሳቫ ስታርች እንጂ ፕሮቲን እምብዛም የሌለው መሆኑ፣ መራራው ዓይነትም በደንብ ካልተዘፈዘፈ መርዝ መሆኑ ነው።

የባላንታ ሰዎች ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቃል። በዛሬዋ ጊኒ ቢሳው ጠረፍ፣ ንጉሥ የሌላቸው ገበሬዎች፣ ወረራ ሲበዛባቸው ከደረቁ አገር ማንግሮቭ የሚባለው በጨዋማ ውሃ የሚበቅል ዛፍ ወዳለበት ረግረግ ወርደው ‹ታባንካ› በሚባል የታጠረ መንደር ተሰበሰቡ። ረግረጉ ሩዝ ያበቅላል፤ ግን ጨዋማውን ውሃ የሚገታ የጭቃ ግድብ መሥራት፣ የማንግሮቩን ሥር መቁረጥ ያስፈልጋል። ለዚህ አፉ ብረት የሆነ ረጅም የእንጨት አካፋ ያሻል። ብረት በአገራቸው የለም። ብረቱን የሚያመጣው የጠረፍ ነጋዴ የሚፈልገው ሰው ነው። ስለዚህ ወጣቶቻቸው ሌላውን መንደር እየወረሩ ምርኮኛ አምጥተው በብረት ለወጡ። ብረቱ አካፋም ጦርም ሆነ። ራስን ለማዳን የሚያስፈልገው መሣሪያ ሌላውን በመሸጥ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዚያ ወጥመድ በየግል መውጣት አይቻልም። ዳር ቆሞ ‹አፍሪካውያን ራሳቸው ሸጡ› የሚል ሰው ይህን አካፋ ቢያስብልኝ እወዳለሁ።

ከተጫኑት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ገደማ ወንዶች ነበሩ። አንጎላ ውስጥ በ1770ዎቹ መጨረሻ ፖርቱጋሎች ባደረጉት ቆጠራ ከአዋቂዎቹ መካከል ሴቶቹ የወንዶቹን እጥፍ ያህሉ ነበር። እርሻው፣ ሸክሙ፣ ልጅ ማሳደጉ ሁሉ ሴቶቹ ላይ ወደቀ። የቀሩት ወንዶች ብዙ ሚስት ያዙ፤ ብዙዎቹ ሚስቶች ደግሞ በምርኮ ወይም በግዢ የመጡ ነበሩ። እንዲህ ያለች ሴት ሲከፋት የምትሄድበት አባት፣ የሚሟገትላት ወንድም የላትም። ባልም ቤተሰብም ይህን ስለሚያውቅ ዘመድ የሌላት ሚስት ተፈላጊ ሆነች።

ናታን ነን እና የቤኒን ሪፐብሊክ ተወላጁ ሊዮናርድ ዋንቼኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ብዙ ሰው የተወሰደባቸው ሕዝቦች ዘሮች ዛሬ ዘመዳቸውን፣ ጎረቤታቸውንና የአካባቢ አስተዳደራቸውን የሚያምኑት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ሆኖ አግኝተውታል። ከላይ ያለውን ዱቤና ፓንያሪንግ ላየ ሰው ይህ አይገርምም። ነን ቀደም ሲል ባደረገው ቆጠራ የሰሐራውንና የቀይ ባሕሩን ንግድም ስለጨመረ፣ ኢትዮጵያም ብዙ ሰው ከወጣባቸው አገሮች መካከል ትገኛለች። በር ሌላ፣ ገዢ ሌላ ነው እንጂ ጉዳዩ የእኛም ነው።

እንግሊዝ ንግዱን በ1807 ስትከለክል የካላባር ታንኳዎች አልቆሙም። ለሊቨርፑል ሳሙናና የማሽን ቅባት የሚሆን የፓልም ዘይት መጫን ጀመሩ፤ በዚያው ዱቤ፣ በዚያው ኤክፔ። ዘይቱን የሚያመጣውና ለከተማው ምግብ የሚያርሰው ያልተሸጠው ባሪያ ሆነ። ሹም ሲሞት ደግሞ ባሪያዎች አብረው ይገደሉ ነበር፤ በ1847 የከተማው ንጉሥ ኤያምባ አምስተኛ ሲሞት ከሚስቶቹና ከባሪያዎቹ ብዙዎች አለቁ። በ1850 ኤክፔ ይህን የሚከለክል ሕግ አወጀ። ሕጉን ያስከበሩት ግን በእርሻ ቦታዎቹ የነበሩት ባሪያዎች ራሳቸው ናቸው። ደማቸውን ቀላቅለው ማሉ፤ ‹የደም ሰዎች› ተባሉ። የሹም ቀብር ሲሰማ ከእርሻው ተጠራርተው ከተማ ይገቡና ማንም እንዳይገደል ይቆሙ ነበር። ከተለያየ ወንዝና ከተለያየ ቋንቋ የተሸጡ ስለነበሩ በከተማው ውስጥ የሚጠራቸው ዘመድ የለም፤ እርስ በርስ ዋስ ተገባቡ።